በልቅሶ ድንኳን የተመረጠው ዳኛ

ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ከኡራኤል በላይ ባለው ሜዳ ለሹማምንቱ የሚሠሩት ቤቶች አንድ በአንድ ጣሪያ ሲለብሱ፣ ሰዉም ስማቸውን ለምላሱ እንዲመቸው አድርጎ ካዛንቺስ ማለት ሲጀምር፣ ከታች ወዳለው ወደ ወይዘሮ የሻረግ ሰፈር የሚወርደው ነገር ሁለት ብቻ ነበር፤ የካሚዮን አቧራና የሚተኮስ ሸሚዝ። አቧራው ለሁሉም ነው። ሸሚዙ ግን የየሻረግ ነበር። ጨርቅ በሚያደርቀው አሚዶ ነክራ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ ኮሌታውን እንደ ቆርቆሮ አድርቃ ትመልስላቸዋለች። በየደጃፋቸው ቆማ ስትጠብቅም ከቋንቋቸው ጥቂት ለቅማለች።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሦስት ወንዶች በሯ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ካውያውን አንስታ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ሦስት ወንድ አንድ ላይ ጉሮሮውን የሚጠርገው ወይ ሊለምን ነው፣ ወይ መርዶ ሊነግር ነው። መርዶ ነጋሪ ደግሞ ጎህ ሲቀድ እንጂ በጠራራ ፀሐይ አይመጣም። ሊለምኑ ነው ብላ ልቧን አሳረፈች።

ሦስቱንም ታውቃቸዋለች። ከፊት የቆሙት የሰፈሩ እድር ፀሐፊ አለቃ ለተሚካኤል ናቸው፤ የእድሩን መዝገብ እንደ ዳዊት በማኅደር ከተው በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ። ከጎናቸው አቶ ቸሩ አሉ፤ ቀድሞ የአንድ መኳንንት ግቢ አጋፋሪ የነበሩ፣ ግቢውም መኳንንቱም ከሌሉ በኋላ እንኳ እንግዳ የሚያስገቡ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው የሚቆሙ ሰው። ከኋላ ደግሞ ካዛንቺስ ድንጋይ የሚጠርበው ግንበኛ ቡልቻ ቆሟል፤ የገዛ ቁመቱ የሚያሳፍረው ይመስል በሩ ሳይደርስ ጎንበስ ብሏል።

«የሻረግ ልጄ፣» አሉ አለቃ፣ «ሰው ሊሞትልን ይገባል።»

«ማን?»

«እሱ ነው የቸገረን።»

ነገሩን ዘርዝረው ነገሯት። የእድሩ ዳኛ በጥቅምት አርፈዋል። እስከ ሰኞ አዲስ ዳኛ ካልተገኘ ጣሊያን የከፈተው የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የራሱን ሰው ሊሾም፣ መዝገቡንም ሊረከብ ነው። መዝገቡ እዚያ ከገባ ደግሞ የትኛው ቤት የትኛው ወንድ እንደጎደለ፣ የት ሄዶ እንደሆነም መጠየቁ አይቀርም። ዳኛ ለመምረጥ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ መሰብሰብ ክልክል ነው። ያልተከለከለው ልቅሶ ብቻ ነው።

«ስለዚህ ቅዳሜ ልቅሶ እንቀመጣለን፣» አሉ አቶ ቸሩ። «ሬሳ እንዳያስፈልገን ከሩቅ አገር መርዶ መጣ እንላለን። የጎደለን ሟች ነው። እኔ ሐረር ወንድም አለኝ፤ ግን ደብዳቤ ይጽፋል። የሚጽፍ ሰው ሞተ ማለት ይከብዳል።»

«እኔ አያት ነበረችኝ፣» አለ ቡልቻ። «ሞታለች።»

«የሞተ ሰው ምን ያደርግልናል፣ አንተ! የሚሞት ነው የፈለግነው!»

የሻረግ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። በዚህ ሁሉ ሰፈር በሕይወት ያለ ዘመዱን ለአንድ ከሰዓት ገድሎ የሚያበድር ሰው እንዳልተገኘ ገባት።

«አጎት ልስጣችሁ፣» አለች።

«አጎት አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። የሌለ ሰው ሞተ ቢባል አይቀየምም። አባዲ እንበለው። ከወደ እንደርታ። እስከዚያ ሄዶ የሚያጣራ የለም።»

አለቃ ለተሚካኤል በደስታ መዝገቡን መታ መታ አደረጉ። የሻረግ ግን ካውያዋን አላነሳችም። ከዚያ መዝገብ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር።

እድሩ ሲቋቋም የተጻፈው የባሏ ስም ነው። ኃይለገብርኤል በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወደ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። የተመለሱት አላዩትም፤ ያዩት አልተመለሱም። ሞተ ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም፣ እሷም አትጠይቅም። እድሩ ግን ደንብ አለው፤ አባሉ ወንዱ ነው፣ ወንዱ ሁለት ዓመት ከቀረ ቤቱ ከእድሩ ይወጣል። ስለዚህ ከውስጥ የተኙት አማቷ እማማ ሙሉመቤት ነገ ቢያርፉ ድንኳን የሚተክል፣ ጥሩንባ የሚነፋ፣ ቃሬዛ የሚሸከም አይኖርም። የሻረግ አንዳንድ ጊዜ እማማን ብቻዋን ተሸክማ ወደ ኡራኤል ስትሄድ በሐሳቧ ይታያታል፤ እማማም ቃሬዛው ላይ ሆነው «በዚህ አይደለም፣ በላይኛው መንገድ!» እያሉ ሲያርሟት።

«ዳኛ ለመሆን የሚወዳደረው ማን ነው?» አለች።

«እኔ፣» አሉ አቶ ቸሩ።

«እሱ ደግሞ፣» አሉ አለቃ ቡልቻን እያሳዩ። «ግንበኞቹ ናቸው ያቀረቡት። እሱ አልፈልግም ብሏል፤ እኛም አልሰማነውም።»

«አቶ ቸሩ ዳኛ ቢሆኑ እኔን በስሜ ያስጽፉኛል?»

አቶ ቸሩ ደረታቸውን አስተካከሉ። «ወይዘሮ የሻረግ፣ እርስዎን የሚያህል የለም። ደንቡ ግን ደንብ ነው። እድር የወንድ ነው። ባል የሌላት በወንድሟ፣ ወንድም የሌላት በአማቿ፣ ያም የሌላት... እንግዲህ...» እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «በአንድ ደህና ሰው ስም ልትገባ ትችላለች። እኔ ለምሳሌ ብቻዬን ነኝ።»

የሻረግ ካውያው ውስጥ ያለውን ከሰል እፍ አለችበት። አመዱ በአቶ ቸሩ ጋቢ ላይ አረፈ።

«አቶ ቡልቻስ?»

ቡልቻ የሚያወራው ለመሬቱ ነበር። «የሚቀበር ሰው ሁሉ ይጻፋል። ሴትም ትቀበራለች።»

ከዚህ ወዲህ የሻረግ ከማን ጋር እንደሆነች አወቀች። የቀረው የምርጫው አኳኋን ነበር። አቶ ቸሩ እጅ በማውጣት ይሁን አሉ። አለቃ ለተሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እጅ ማውጣት ዛሬ የሮማ ሰላምታ ሆኗል። ሠላሳ አንድ ሰው ድንኳን ውስጥ እጁን ቢሰቅል ለቸሩ ይሁን ለጣሊያኑ መሪ ለዱቼ በምን ይለያል?»

«ንፍሮ አለ አይደል፣» አለች የሻረግ። «የልቅሶ ቤት ንፍሮ መቼም አይጠረጠርም። ስንዴ ለአቶ ቸሩ፣ ሽምብራ ለአቶ ቡልቻ። ሰፌዱ ሲዞር ሰው ከዘገነው አንዲት ፍሬ ያስቀራል፤ ከሰፌዱ ኋላ ነጠላ የለበሰ ማሰሮ ይከተላል፤ እጁን ከነጠላው ሥር አግብቶ ይጥላል። ለሚያየው ሰው ሁሉም ንፍሮ እየዘገነ ነው።»

ወንዶቹ ተደነቁ። እንዲህ ያለ ብልሃት ከሸሚዝ ተኳሽ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። ነገር ግን ወንዶቹ ንፍሮን የሚያውቁት በመብላት ነበር፤ ማን ይዞት እንደሚዞር፣ እንዴት እንደሚዞር አስበው አያውቁም። የሻረግ ታውቃለች። በልቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይባል ማንንም መዝለል ነውር ነው።

ማምሻውን በአጥሩ ላይ ከጎረቤቷ ከኩልሱም ጋር ተማከሩ። ኩልሱም ባሏ በርበሬና ቅቤ የሚነግድ፣ እሷ ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ ምላሷን የሚፎካከር ያልተገኘላት ሴት ናት። ቅዳሜ ሰፌድ አዟሪ እንድትሆን አለቃ አዘዋታል።

«ወላሂ እኮ ጠርተው መከሩኝ፣» አለች እየሳቀች። «በወንዶቹ በኩል ብቻ አዙሪው አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?»

ቅዳሜ የእድሩ ድንኳን በየሻረግ ደጅ ተተከለ። ጥሩንባ ነፊው ከኡራኤል እስከ ላንቻ መዳረሻ የአቶ አባዲን መርዶ አዳረሰ። ሰዉ ነገሩን ያውቃል፤ ያም ሆኖ እንደ ወጉ ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ተቀመጡ። አልቃሿ ጥሩዬ ስለማታውቀው ሰው ለማልቀስ የመጀመሪያ ጊዜዋ ስላልነበር ያለ ጭንቀት ተነሳች፤

«አባዲ ጎበዙ፣ የእንደርታ መከታ፣
አልፈህ ሄድክ ሳናውቅህ፣ ሳናይህ ላንዳፍታ!»

ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። አባዲ በልቅሶው መጀመሪያ ሁለት በሬ ነበረው። ትንሽ ቆይቶ አምስት ሆኑ። ከዚያ ዳማ ፈረስ ተጨመረለት፤ ፈረሱ ጌታው በመሞቱ ገለባ አልበላም አለ። ይሄኔ ሁለት ግንበኞች የእውነት ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ቸሩ ጭራሽ በጌታቸው ግቢ አንድ ፋሲካ እንዳስተናገዱት ትዝ አላቸው፤ «ጠጅ አይወድም ነበር፣» አሉ በሐዘን።

የሻረግ እንደ ዋና ሐዘንተኛ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። የሚመጣው ሁሉ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። ሦስት ዓመት ማንም ያላላትን ቃል በአንድ ከሰዓት ሃምሳ ሰው አላት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ኩልሱም ሰፌዷን ይዛ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ «ጎሽ፣ እውነት አስመሰልሽው፣» አለቻት። የሻረግ ነጠላዋን ከዓይኗ አላነሳችም።

ተወዳዳሪዎቹ ንግግር ማድረግ ነበረባቸው፤ ንግግሩም የሟች ውዳሴ መምሰል ነበረበት። አቶ ቸሩ ተነሱ።

«ወንድማችን አባዲ ዛሬ ቢኖር ምን ይመኝ ነበር? ድንኳኑ ሥርዓት በሚያውቅ ሰው እጅ እንዲሆን! ማን ፊት፣ ማን ኋላ እንደሚቀመጥ በሚያውቅ! አባዲ ግቢ የኖረ ሰው ይወድ ነበር። አባዲ ስንዴ ይወድ ነበር!»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሁለት ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ቡልቻን ገፍተው አስነሱት። ራሱ የድንኳኑን ጣሪያ ነካ።

«አባዲ ሰው ነበር፣» አለ። «ሰው ሁሉ በስሙ ይቀበር።» ተቀመጠ።

ሰፌዱ ተነሳ። ኩልሱም እንደታዘዘችው ከወንዶቹ ጀመረች። አለቃ ማሰሮውን አቅፈው ተከተሏት። ሰዎች እየዘገኑ፣ እያኘኩ፣ እጃቸውን ከነጠላው ሥር እያገቡ እያወጡ ሠላሳ አንዱም ጣሉ። ከዚያ ኩልሱም ትንፋሽ ሳትወስድ ወደ ሴቶቹ ዞረች። አለቃ ዓይናቸው ከሰፌዱ ጠርዝ አልፎ ስለማያይ ሰፌዱን ተከትለው ዞሩ።

አቶ ቸሩ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን በልቅሶ ቤት «ለዚያች ንፍሮ አትስጧት» ብሎ የሚጮህ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። መልሰው ዘጉት። አለቃ ሲመለሱ ብቻ ጆሯቸው ላይ ተጠግተው፣ «የሴቶቹ አይቆጠርም!» አሉ።

«የትኛው የሴቶቹ እንደሆነ በምን ልለየው? ፍሬው ቀሚስ አልለበሰ።»

የሻረግ ግን ለይታለች። ሃያ ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ሲጥሉ በጣታቸው መካከል ያለውን አይታለች። የወንዶቹንም ከጀርባ እየተከታተለች አልፎ አልፎ አይታ፣ ያላየችውን ከፊታቸው ገምታ ነበር። ሽምብራው ሠላሳ ሁለት፣ ስንዴው ሃያ አምስት። ቡልቻ አልፏል። ሳታስበው ትከሻዋ ቀለል አላት።

ልክ በዚያች ሰዓት የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና አንድ ካራቢኜሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ ከአስተርጓሚው ጋር ገባ።

ድንኳኑ አንድ ላይ ዋይ አለ። የእውነት ሟች እንኳ እንዲህ ያለ ለቅሶ አያገኝም። ጥሩዬ ፀጉሯን ያዘች፤ አቶ ቸሩ «ወይ አባዲ! ወይ ጠጅ የማትወደው!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። አስተርጓሚው ፀሃዬ የሚባል ከትግራይ በኩል የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ቆሞ አዳመጠ።

ከጫጫታው የተነሳ እማማ ሙሉመቤት ከውስጥ ነቁ። ጆሯቸው የፈለገውን ብቻ የሚሰማ ስለሆነ ስለ ተንኮሉ ማንም አልነገራቸውም ነበር። በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ማን ነው የሞተው?»

«የየሻረግ አጎት ነው፣ እማማ!» ብላ ጮኸች ኩልሱም።

«የሻረግ አጎት የላትም! እናቷም አባቷም ለእናታቸው አንድ ናቸው! እኔ ነኝ የዳርኳት፤ ዘር ማንዘሯን ቆጥሬ ነው ያመጣኋት!»

ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ካራቢኜሪው ወደ አስተርጓሚው ዞረ። ፀሃዬ እማማን አየ፣ የሻረግን አየ፣ በአለቃ ጉልበት መካከል ያለውን ማሰሮ አየ። ከዚያ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለ። የሻረግ ከበር በር የለቀመችው ቋንቋ ያን ለመስማት በቃት፤ «አሮጊቷ ሐዘን በርትቶባት አእምሮዋን ስታለች፣» ነው ያለው።

ካራቢኜሪው ኮፍያውን አወለቀ። ወጣት ነበር፤ አንገቱ በኮሌታው ውስጥ ቀልቷል።

«እንግዳ አቁማችሁ ነው እንዴ የምታለቅሱት?» አሉ እማማ። «ጣሊያን ቢሆንስ? ልቅሶ ቤት መጥቶ አፉን ሳያሟሽ ይመለሳል? ንፍሮ ስጡት!»

ሰፌዱ ባዶ ነበር። ካራቢኜሪው ግን ከመግባቱ በፊት በመጋረጃው ክፍተት የመጨረሻዋን ሴት እጇን ከማሰሮው ስታወጣ አይቷት ነበር። የአገሩን ወግ ያወቀ መስሎት በአክብሮት ጎንበስ አለ፣ ነጠላውን ገለጠ፣ ዘገነ። አለቃ ለተሚካኤል ማሰሮውን አጥብቀው አቀፉ፤ ነገር ግን የእንግዳ እጅ ከማሰሮ ውስጥ እያለ ማሰሮ መንጠቅ አይቻልም። ሠላሳ አንድ አባልና ሃያ ስድስት ሴት የካራቢኜሪውን መዳፍ አየ። ሰውየው ስንዴውን በጣቱ እየገፋ መልሶ ሽምብራ ሽምብራውን ለቀመ።

«ቼቺ!» አለ ፊቱ በርቶ።

«ሽምብራ ይላል፣» አለ ፀሃዬ። «እናቱ ቤት ይበላ ነበር።»

እንደገና ዘገነ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። የሻረግ በልቧ ትቆጥራለች። ስምንት። ኩልሱም ከኋላ «ይነቀው!» አለች ቀስ ብላ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ እጁን አራገፈ፣ ለየሻረግ ጎንበስ ብሎ የማጽናኛ ቃሉን ተናገረ፣ ወጣ።

ፀሃዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ። «አባዲ የእኛ አገር ስም ነው፣» አላት። «ከየትኛው መንደር ናቸው?»

«ከሩቁ።»

«የሩቁ ይሻላል። የቅርቡን ሰው ያውቀዋል።» ወደ ማሰሮው በአገጩ ጠቆመ። «ማን እየመራ ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

አለቃ ነጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ማሰሮውን ገለበጡ። አሥር ዓይን እያገዛቸው ለዩ። ስንዴ ሃያ አምስት። ሽምብራ ሃያ አንድ።

«ተመስገን፣» አለ ቡልቻ። እንዲህ ሲስቅ ከዚያ በፊት ያየው የለም።

«ምኑ ነው ተመስገን!» ኩልሱም ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። «ድምፃችንን በላው እኮ! አሥራ አንድ ሽምብራ! ዓይኔ እያየ!»

አቶ ቸሩ ገና ፍሬው ሲለይ ደረታቸው መነፋት ጀምሮ ነበር፤ አሁን ሞላ። «ማሰሮው ውስጥ ያለው ድምፅ ነው፤ ሆድ ውስጥ የገባው ንፍሮ ነው! መንግሥት የበላው አይቆጠርም!»

«ታዲያ የሴት አይቆጠርም ስትል አልነበር ቅድም?» አሉ አለቃ።

«ማነው ያለው? ተቆጥሯል እኮ፣ አለቀ! ምርጫ ተፈጸመ። ሰኞ ሰዎቹ ሲመጡ ዳኛችን እኔ ነኝ ይባላል። እንደገና እንምረጥ ብንል ሌላ ሟች ከየት ሊመጣ ነው?»

በዚህኛው እውነታቸውን ነበር። ወንዶቹ አጉረመረሙና ተቀበሉት። የሻረግ በተቀመጠችበት አሰበች። አሥራ አንዱን ብትናገር ማን ያምናታል? በላተኛው ካዛንቺስ ወጥቷል። እሷ ያየችውን ብታወራ ደግሞ የማን ፍሬ የማን እንደሆነ ይመረመራል፤ ያኔ የሴቶቹ መጀመሪያ ይወድቃል። ቡልቻ ቢቀር ይቀራል። የፈለገችው ቡልቻን አልነበረም።

«አቶ ቸሩ፣» አለች። ለስላሳ ነበር ድምፅዋ፤ ሰው ሁሉ የሐዘንተኛ ቃል ለመስማት ዞረ። «እርስዎ ማሰሮው ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ይቀበላሉ?»

«አንድም ሳይቀር!»

«አርባ ስድስቱንም?»

«አርባ ስድስቱንም አልኩ፣ ወይዘሮ የሻረግ!»

«አለቃ፣ እንግዲህ ይጻፉት።»

አለቃ ለተሚካኤል መዝገቡን ከማኅደሩ አወጡ፣ ብዕራቸውን ነከሩ፣ አፍንጫቸው ገጹን እስኪነካ አጎንብሰው እያነበቡ ጻፉ። «አርባ ስድስት... ፍሬ... ተገኝቶ... በአቶ ቸሩ ቃል... በሙሉ ጸድቋል።» ቆሙ። ገጹን መልሰው ገለጡ። በጣታቸው ስም ቆጠሩ። ቀና አሉ።

«ቸሩ፣ እኔ ያለኝ ሠላሳ አንድ ሰው ነው።»

«እና?»

«ደንብ ቁጥር ሁለት፤ ድምፅ የሚሰጠው አባል ብቻ ነው። አንተ ራስህ ነህ ያስጻፍከው። ወይ ይህን ሁሉ ፍሬ የጣለው ሰው አባል ነው፣ ወይ ምርጫው ምርጫ አይደለም። ምርጫ ካልሆነ ደግሞ ዳኛ የለንም። ቀለሙ ደርቋል፤ እኔ መዝገብ አልፍቅም።»

አቶ ቸሩ የተለየውን ስንዴ አዩ። ሴቶቹን አዩ፤ ሃያ ስድስቱም ጥቁር ለብሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እንደ ሐዘንተኛ ዝም ብለው ይመለከቷቸዋል። ዳኝነቱን በአንድ እጃቸው፣ ደንቡን በሌላው ይዘው የሚመዝኑ ይመስል ነበር። ዳኝነቱ ከበደ።

«እኔ መቼ ሴት አትግባ አልኩ?» አሉ በመጨረሻ።

«ረቡዕ!» አለች ኩልሱም።

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ጥሩዬ ከውጭ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማ በላዩ ላይ «ወይ አባዲ!» አለችበት፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳቀ። አቶ ቸሩ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩና አልቻሉም።

አለቃ አዲስ ገጽ ለማስመር ሲዘጋጁ እማማ ሙሉመቤት በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እኔን መጀመሪያ ጻፈኝ!»

«እርስዎ በየሻረግ ቤት ሥር ነው የሚገቡት፣ እማማ።»

«ሥር አልገባም! ከላይ ጻፈኝ። የምቸኩለው እኔ ነኝ።»

ከላይ ጻፏቸው። ከዚያ የየሻረግ ተራ ሆነ። አለቃ ወደ ኋላ ገልጠው የቆየውን ገጽ አገኙ፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ አቶ ኃይለገብርኤል ይላል። ብዕራቸውን በስሙ ላይ አሳረፉ።

«ሚስት በባሏ ቦታ ስትገባ የባልየው ስም ይሰረዝና ያረፈበት ቀን ይጻፋል። ቀኑን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

የሻረግ ብዕሩ ያረፈበትን ስም አየች።

«አላውቀውም፣» አለች የሻረግ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አይሰርዙት። ከሥሩ የሻረግ ብለው ይጻፉኝ። ቦታ አለ።»

አለቃ ቦታውን በአውራ ጣታቸው ለኩ። እንዲህ ያለ ነገር በደንቡ አልነበረም። በደንቡ ያልነበረ ነገር ሲመጣ የሚወስነው ዳኛው ነውና ራሳቸውን ወደ አቶ ቸሩ አዞሩ። አቶ ቸሩ ዳኛ ከሆኑ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላቸውም። ደረታቸውን ነፉ። ልቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ እንዳለው ሰው ቀስ ብለው አወረዱት።

«ይጻፍ፣» አሉ።

ብዕሩ ጫር ጫር አለ። የሻረግ ጎንበስ ብላ አየች። አለቃ መዝገቡን ሊከድኑ ሲሉ እጇን በገጹ ጠርዝ ላይ አደረገች።

«ትንሽ ይቆይ፣ አለቃ። እስኪደርቅ።»

አለቃም አልቸኮሉም። ከውጭ የካሚዮን ድምፅ ወደ ካዛንቺስ ሲወጣ ተሰማ፤ ኩልሱም አቧራው እንዳይገባ የድንኳኑን መጋረጃ ሳበች።